ብርድ የመታው ቀለም

ይህን ታሪክ መጻፍ ይገባኛል ወይ ብዬ ብዙ አመነታሁ። የሞተ ሰው የለበትም፤ የተሰረቀም የተቃጠለም ነገር የለም። አንዲት የድኅረ ምረቃ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ፍሪጅ ውስጥ የነበረ ዕቃ ከታች ወደ ላይ አዛወረች። በዓይን የሚታየው ይኸው ነው። የክፍል ጓደኞቼ ቢሰሙት «ይሄም ታሪክ ሆኖ?» ማለታቸው አይቀርም። እኔ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ የበላሁት አይጣፍጠኝም ነበር። ሊነገር የሚገባው ይሁን አይሁን አንባቢ ይፍረድ፤ እኔ ሳይጠፋብኝ እንደሆነው ልጻፈው።

ለተግባር ልምምድ የተመደብኩበት ቤተ ሙከራ አቃቂ፣ ከአንድ የክር ፋብሪካ አጥር አጠገብ ባለች ክሊኒክ ጓሮ ውስጥ ነው። ሁለት ክፍል ናት። በመጀመሪያዋ ደም ይቀዳል፤ በሁለተኛዋ ይቆጠራል። የሁለተኛዋ ክፍል መስኮት በወፍራም ጥቁር ጨርቅ ስለተሸፈነ፣ ከውጭ የገባ ሰው ዓይኑ እስኪለምድ ጥቂት መቆም አለበት። ቫይረሱ በደማቸው ውስጥ ያለ የፋብሪካው ሠራተኞች ለጥናቱ ፈቅደው በየሦስት ወሩ ደም ይሰጣሉ፤ እኛ ሲዲፎራቸውን ቆጥረን ውጤቱን ለዶክተሯ እናቀርባለን። ዶክተሯ መድኃኒት የሚያስጀምሩት፣ ይቀጥል የሚሉት፣ አልሠራም ብለው የሚቀይሩት ያንን ቁጥር አይተው ነው።

ሲዲፎር ዛሬ በየሰፈሩ የሚታወቅ ቃል ቢሆንም ምንነቱን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ከበሽታ በሚጠብቁን በአንዳንድ ነጭ የደም ሕዋሳት ገጽ ላይ ያለ ምልክት ነው። ሕዋሳቱን በማጉያ ብናያቸው ሁሉም አንድ ይመስላሉ፤ የትኛው ምልክቱን እንደያዘ አይለይም። አንቲቦዲ የምንለው ፈሳሽ ግን ያንን ምልክት ብቻ ፈልጎ ይጣበቅበታል። ሲሠራም የሚያበራ ቀለም ያሸክሙታል። ደሙ ላይ ጠብ ተደርጎ፣ ጨለማ ውስጥ ቆይቶ፣ ወደ ማሽኑ ሲገባ ሕዋሳቱ አንድ በአንድ ተሰልፈው በሌዘር ፊት ያልፋሉ። ያበራ ይቆጠራል፤ ያላበራ ይታለፋል።

ይህን ያስረዱኝ ቤተ ሙከራውን የሚመሩት፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ቴክኒሺያን ናቸው። ጋሼ ነበር የምላቸው፤ እዚህም ጋሼ ልበላቸው።

«ይህን ማሽን የበር ዘበኛ በይው» አሉኝ በመጀመሪያው ቀን። «መታወቂያ አሳይ ይላል። ያላሳየውን የለህም ይለዋል። ሰውየው እዚያው ፊቱ ቆሞ ሳለ!»

በሁለት ቀለም ነበር የምንሠራው፤ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ብርቱካናማ። ሲዲፎርን የሚያሳየው ብርቱካናማው ነው፤ እሱ ደግሞ አመለኛ ነው። ብርሃን ይፈራል፤ ስለዚህ ብልቃጡን በፎይል እንጠቀልለዋለን። ሙቀት ይፈራል፤ ስለዚህ ፍሪጅ ውስጥ ታችኛው መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ከሁሉ በላይ ግን በረዶ አይችልም። አንዴ ከረጋ፣ ቢቀልጥም ብርሃኑ አይመለስም። ይህን አላውቅም ነበር ብዬ አላመካኝም። በፈተና ላይ ተጠይቄ ሙሉ ነጥብ ያገኘሁበት ጥያቄ ነው።

አንድ ልማድም ነበራቸው። ከውጭ የሚመጣው የመቆጣጠሪያ ደም መንገድ ላይ ዘግይቶ ጊዜው ሲያልፍ፣ ጋሼ የራሳቸውን ደንብ አወጡ። በየጠዋቱ ከታካሚዎቹ ደም በፊት የአንድ ጤነኛ ሰው ደም ይቆጠራል። ቁጥሩ እንደተለመደው ከመጣ ቀለሙም ማሽኑም ደህና ናቸው፤ ካልመጣ የዚያን ቀን ሥራ ይቆማል። ደም ሰጪዎቹ እኛው ነበርን፤ ጋሼ፣ የክሊኒኩ ዘበኛና የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ። ተራቸው በወረቀት ተጽፎ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ስሙ እዚያ እንዲጻፍ የሚፈልግ ሰው ተመርምሮ ነጻ መሆኑን ማወቅ አለበት።

«አንቺስ ተመርምረሻል?» አሉኝ ጋሼ ገና በሳምንቴ።

«አዎ ጋሼ» አልኩ።

አልተመረመርኩም። የመጀመሪያ ዲግሪዬን ስማር ሆስፒታል ለልምምድ ወጥተን፣ ከታካሚ ክንድ ያወጣሁት መርፌ ጓንቴን ቀዶ አውራ ጣቴን ወግቶኝ ነበር። አስተማሪያችን በዚያው ጠዋት በክፍሉ ሁሉ ፊት «እጇን እዩ፤ እንደዚህ ነው የሚሠራው» ብሎ አመስግኖኛል። ከዚያ በኋላ ተወጋሁ ማለት አቃተኝ። በበረኪና ታጥቤ ዝም አልኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ ዝም አልኩ። ሳሪስ አቦ አካባቢ የምርመራ ድንኳን ተተክሎ በድምፅ ማጉያ «ኑ ራሳችሁን እወቁ» ሲባል፣ የሰውን ደም እየመረመርኩ የምማረው እኔ መንገድ አቋርጬ በወዲያኛው ጠርዝ አልፍ ነበር። ለጋሼ «አዎ» ያልኳቸው «ጎበዝ» እንዲሉኝ ነው። አሉኝም። ስሜም በወረቀቱ ግርጌ ተጻፈ፤ ሆኖም ተራዬ እንዳይደርስ በየሳምንቱ ምክንያት ስፈልግ ከረምኩ።

ሰኔ 22 ቀን ሰኞ መብራት የሚጠፋበት ፈረቃችን ነበር። በዚያ ሰሞን ከተማው ሁሉ መብራት በፈረቃ ነው፤ አንድ ቀን ይመጣል፣ አንድ ቀን ይሄዳል። ጄኔሬተሩ ፍሪጁን ይዞልን እስከ ምሳ ሰዓት ቆየና ሦስት ጊዜ አስሎ ጸጥ አለ። ጋሼ ተንበርክከው ፈቱት፣ ገጠሙት፣ ገመዱን ሳቡት።

«ካንዴላው ነው» አሉ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ። «ሳሪስ ደርሼ ልምጣ። ፍሪጁን አደራ። እንዳትከፍቺው፤ ቅዝቃዜውን ይዞ ይቆያል።»

ሄዱ። እኔ ፍሪጁ ፊት ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። አንድ ሰዓት አለፈ፤ ሁለት ሰዓት አለፈ። ጋሼ አልመጡም። በበሩ ላይ ያለው ቴርሞሜትር ቀስ እያለ ሲወጣ አየዋለሁ። እኛ ቤት መብራት ሲጠፋ እናቴ የመጀመሪያ ሥራዋ ሥጋውንም ወተቱንም ከታች አንስታ በረዶ ወዳለበት ወደ ፍሪዘሩ ማውጣት ነው፤ መብራቱ ሲመጣ ትመልሰዋለች። የፈረቃ ሰሞን በሰፈራችን እንዲህ የማያደርግ ቤት የለም። ዝም ብዬ አደራዬ ሲበላሽ ከማይ ብዬ ከፈትኩና የአንቲቦዲውን ሳጥን ከታችኛው መደርደሪያ አንስቼ ላይ፣ ፍሪዘሩ ውስጥ፣ መቅለጥ በጀመረው በረዶ መካከል አስቀመጥኩት። በረዶ ይሆናል የሚል ሐሳብ አልመጣብኝም። መብራት የሌለው ፍሪዘር ለእኔ ያኔ ቀዝቃዛ ሣጥን እንጂ ፍሪዘር አልነበረም። እንዲያውም በብልሃቴ ተደስቼ ነበር።

አሥር ሰዓት ላይ ጋሼ ደወሉ። «አልተገኘም። ልክ የሚሆነው የለም። ቆልፈሽ ሂጂ፤ ነገ መብራት የሚመጣበት ፈረቃችን ነው።»

ቆልፌ ሄድኩ። ሳጥኑን አልመለስኩትም፤ ጭራሽ አላስታወስኩትም።

ማክሰኞ ከሁሉም ቀድሜ ደረስኩ። በሩን ስከፍት ፍሪጁ ድምፁን እያሰማ ነበር። መብራቱ እኛ ከሄድን በኋላ መጥቶ ሲሠራ አድሯል። ፍሪዘሩን ስከፍት ሳጥኑ ነጭ ውርጭ ለብሷል። ብርቱካናማውን ብልቃጥ አውጥቼ ዘቅዝቄ አየሁት፤ ጠብታው አልተንቀሳቀሰም። ድንጋይ ሆኗል።

በመዳፌ ጨብጬ አቀለጥኩት። ሲቀልጥ ጥርት ያለ ነው፤ ቀለሙም ያው ነው። የራሰውን የስሙን ወረቀት በፋሻ ጠርጌ፣ ፎይሉን ቀይሬ፣ በታችኛው መደርደሪያ በቦታው መለስኩት። ምናልባት መካከሉ አልረጋም ይሆናል አልኩ። ምናልባት ገና አሁን ነው የረጋው አልኩ። እንዲህ እያልኩ ሳለ ጋሼ ገቡ።

«ደህና አደሩ ዕቃዎቹ?»

«ደህና አድረዋል ጋሼ።»

«ጎበዝ! ካንቺ ጋር መሥራት ዕረፍት ነው።» ጃኬታቸውን ሰቀሉ። «እኔ ጄኔሬተሩን የሚያይ ሰው አምጥቻለሁ። ዛሬ አንቺ ቀለም አግቢላቸው፤ አሥር ሰው ነው። ስትጨርሺ አያለሁ።»

ያን ጊዜ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን «እሺ» ነው።

ከአሥሩ ሰዎች የመጀመሪያዋ በክር ፋብሪካው ፈታይ ክፍል የሚሠሩ፣ አርባ ዓመት የሚሆናቸው ሴት ናቸው። ከማታ ፈረቃ በቀጥታ ስለመጡ ቅንድባቸው ላይ ሳይቀር የጥጥ ብናኝ አለ። እትዬ እላቸው ነበር። ያለፈው ቁጥራቸው ከአምስት መቶ በላይ ነበር፤ መድኃኒቱ ተስማምቷቸዋል።

«ዛሬም አንቺ ነሽ የምትወጊኝ?» አሉ እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ። «እኔ እንደሆንኩ ደሜን እዚህ አምጥቼ ጨረስኩት። ምን ታደርጉበታላችሁ? ወጥ ትሠሩበታላችሁ?»

«በጾም ጊዜ እትዬ?» አልኩ ለመሳቅ እየሞከርኩ። ሰኔ ጾም ላይ ነን።

«እሱስ ልክ ነሽ። ስሚ፣ በደንብ ቁጠሪልኝ። እንደ ፋብሪካው ቆጣሪ እንዳታጎድይብኝ። ዶክተሯ የዛሬው ካማረ ወደ ቀን ፈረቃ ትዛወር ብዬ እጽፍልሻለሁ ብለውኛል። ካልሆነ ደግሞ መድኃኒቱን እንቀይራለን ነው የሚሉት። እኔ ያን አዲሱን ፈራሁት። አንዷ ጓደኛዬ ተቀይሮላት ስታስመልስ ከረመች።»

«ያምራል እትዬ» አልኳቸው። ያንን ቃል ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም።

የጠዋቱ ጤነኛ ደም ተራው የዘበኛው ነበር። ጉንፋን ይዞት ቀርቷል። የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ፈቃድ ላይ ናት። ጋሼ ከጄኔሬተሩ አጠገብ ሆነው በመስኮት ጮኹ፤ «የራስሽን ቅጂ! ግድግዳው ላይ ስምሽ አለ አይደል?» እጃቸው ዘይት ነበር። የምሰጠው ምክንያት አጣሁ። የክንዴን ደም ራሴ ቀዳሁ፤ ቀለሙን አገባሁ፤ በጨለማ አስቀመጥኩት። ከዚያ ማሽኑ ፊት ቆሜ ጠበቅሁ።

ማሽኑ እንደ ሱቅ ደረሰኝ ጠባብ ወረቀት ያትማል። ወረቀቱ ወጣ። መቶ ስልሳ ሁለት ይላል።

ጤነኛ ሰው ይህን አያመጣም። ከሁለት መቶ በታች የሆነ ሰው ያን ጊዜ ሳይውል ሳያድር መድኃኒት ነው የሚጀምረው። በስክሪኑ ላይ የራሴ ሕዋሳት ነጥብ በነጥብ ተበትነው ይታያሉ፤ ብርቱካናማው ክምር መሆን ባለበት ቦታ ጭጋግ የመሰለ ነገር ብቻ አለ። ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ወይ ቀለሙን አበላሽቼዋለሁ፤ ወይ ያ መርፌ ሥራውን ሠርቷል። አንዱ ውሸት እንዲሆንልኝ ለመመኘት ሌላውን እውነት ይሁን ማለት ነበረብኝ። የትኛውን ልመኝ? ማሽኑ አጠገብ ቆሜ የትኛውንም መመኘት አቃተኝ።

ያደረግሁትን እጽፋለሁ። ወረቀቱን አጥፌ በጋውኔ ኪስ ከተትኩ። በመዝገቡ ላይ «ጤነኛ ደም» በሚለው መስመር የጋሼን ያለፈ ሳምንት ቁጥር የሚመስል፣ ስምንት መቶ አርባ ብዬ ጻፍኩ። ፊደሌ እንደ ወትሮው ያማረ ነበር። ከዚያም የአሥሩን ሰው ደም አስቆጠርኩ። የሁሉም ወርዶ መጣ። የእትዬ ዘጠና ሰባት ነበር።

ማታ ወደ ቤቴ፣ ወደ ቃሊቲ ስመለስ ታክሲው ማረሚያ ቤቱ መታጠፊያ ላይ ባዶ የስንቅ ሳህን በፌስታል የያዙ ሴቶች ጫነ። አንዷ አጠገቤ ተቀመጡና ፊቴን አዩኝ።

«ምነው ልጄ፣ አመመሽ እንዴ?»

«አይ፣ ደህና ነኝ።»

«ከሳሽ ሳይሆን አይቀርም። የሰው ፊት አይቼ አውቃለሁ።»

ቤት ስገባ በሩን ዘግቼ በመስታወት ምላሴን አየሁ። አንገቴን ዳበስኩ፤ እብጠት ያገኘሁ መሰለኝ፤ በሌላውም ጎን ዳበስኩ፤ እዚያም አለ። እናቴ «ሽሮው ቀዘቀዘ» ብላ ሦስት ጊዜ ጠራችኝ። በልቤ የምሟገተው ነገር አስነዋሪ ነበር፤ ብናገር ከትምህርቴ እባረራለሁ፤ ብናገርና ቀለሙ ደህና ሆኖ ቢገኝስ? ያን ጊዜ ሁለቱም ይሆኑብኛል፤ ዋሾም እባላለሁ፣ በሽተኛም እሆናለሁ። ስለ እትዬ ያሰብኩት ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። መጀመሪያ አሰብኩ ብል ውሸት ይሆናል።

ሐሙስ ዶክተሯ ውጤቱን ይዘው ወደ ጨለማዋ ክፍል ገቡ። እሳቸው ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ፣ ወረቀት ሲያነቡ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሚያወጡ ሴት ናቸው።

«አሥሩም ወርደዋል» አሉ ለጋሼ። «አሥሩም። እንዴት ይሆናል?»

ጋሼ መዝገቡን ገለጡ። በጣታቸው ወደ ታች እየሄዱ የእኔ ጽሑፍ ላይ ቆሙ። «ጤነኛው ስምንት መቶ አርባ ነው። ቀለሙም ማሽኑም ደህና ነበር ማለት ነው።»

«ማን ነው የሠራው?»

«እሷ ናት። እንደ እሷ ጠንቃቃ የለም።»

ዶክተሯ ተነፈሱ። «እንግዲያው ወይ መድኃኒቱን እየወሰዱ አይደለም፣ ወይ አልሠራላቸውም። ፈታይዋን ነገ ጥሯት። የሷ በጣም ወርዷል። እቀይርላታለሁ።»

ውሸቴ የአሥር ሰውን የተሳሳተ ቁጥር እውነት እንዳደረገው ያን ጊዜ ገባኝ። ቁጥሬን ባልጽፍ ኖሮ ሁለቱም ወዲያው ይነቁ ነበር። ሆኖም ሐሙስም አልተናገርኩም። ቲዩብ ሳጥብ ዋልኩ።

ዓርብ ጠዋት እትዬ ከክሊኒኩ በር አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ነጠላቸውን ለብሰዋል፤ የጥጥ ብናኝ የለባቸውም። ታጥበው ነው የመጡት።

«ጠሩኝ» አሉ። ሳቃቸው የለም። «በስልክ ነው የጠሩኝ። ለጥሩ ነገር በስልክ ይጠራል? አንቺ ቆጥረሻል፤ ንገሪኝ እስቲ።»

«ዶክተሯ ናቸው የሚነግሩዎት እትዬ።»

«እሺ። ዓይኔን ግን ለምን አታዪኝም?»

ወደ ጓሮው አለፍኩ። እሳቸው ተጠርተው ገቡ፤ በሩ ገርበብ እንዳለ ቀረ። ጓሮው ላይ ቆሜ የዶክተሯን ድምፅ ሰማሁ፤ «መድኃኒቱን የዘለልሽበት ቀን አለ? እውነቱን ንገሪኝ፤ አልቆጣም።»

«አንድ ቀን አልዘለልኩም» አሉ እትዬ። «በልጆቼ እምላለሁ። አንድ ቀን!»

«ቁጥሩ ግን እንደዚያ አይልም።»

«እንግዲህ ቁጥሩ ካላመነኝ...» ብለው ተዉት።

በሩን ገፍቶ የገባው እግሬ ነው እንጂ እኔ አልነበርኩም ብል ይቀለኛል። «እውነታቸውን ነው» አልኩ። «ቁጥሩ ነው የዋሸው። እኔ ነኝ።» ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ተጣጥፎ ከመሻሸቱ የተነሳ ሊቀደድ ደርሷል። ፍሪዘሩን፣ የረጋውን ብልቃጥ፣ መቶ ስልሳ ሁለቱን፣ ስምንት መቶ አርባውን በቅደም ተከተል ተናገርኩ። ለፈተና እንደተዘጋጀሁበት ያህል ምንም አልዘለልኩም።

ጋሼ ተጠሩ። ሰምተው ሲጨርሱ አልጮኹም። «በረዶ ማድረግሽን እረዳዋለሁ» አሉ። «እኔም አንድ ጊዜ ሙሉ ሳጥን ፀሐይ ላይ ረስቻለሁ። ቁጥር ፈጥሮ መጻፍ ግን ምንድን ነው? ምን አስበሽ ነው? መዝገቡን ማን ያምነዋል ከዛሬ በኋላ?»

«ፈርቼ ነው ጋሼ።»

«እኛስ አሁን አንፈራም?»

ወዲያው ክንዳቸውን ዘርግተው የራሳቸውን ደም አስቀዱ፤ በዚያው ብልቃጥ ሠርተው ማሽኑ ውስጥ አስገቡ። ሁላችንም በጨለማው ቆመን ጠበቅን፤ እትዬም ጭምር፣ ማንም ውጪ አላላቸውም። ወረቀቱ ወጣ። መቶ ሰባ አራት። ጋሼ ግን ጤነኛ ናቸው፤ ባለፈው ሳምንት ቁጥራቸው ስምንት መቶ ያህል ነበር።

እኔ ግድግዳ ተደግፌ ትንፋሼን ለቀቅሁ። ዶክተሯ አዩኝ።

«ገና ነሽ» አሉኝ። «ቀለሙ መበላሸቱ ሁሉንም ይመለከታል፤ አንቺን ነጻ አያደርግሽም። ለምንድን ነው የራስሽን ቁጥር አይተሽ ያን ያህል የደነገጥሽው? ተመርምረሻል አይደል?»

«አልተመረመርኩም» አልኩ። የመርፌውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የነገርኩት እዚያ፣ በዚያ ሰዓት ነው።

ጣቴን የወጉኝ ዶክተሯ ራሳቸው ናቸው። ፈጣኑ ምርመራ አሥራ አምስት ደቂቃ ይፈልጋል። ቁራጯን ፕላስቲክ ሰዓት ሥር አስቀምጠው «ውጭ ጠብቂ» አሉኝ። አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ፤ እትዬ አጠገቤ ተቀመጡ። ዝናብ ጀመረ። አንድ መስመር ከወጣ ነጻ ነኝ፤ ሁለት ከወጣ አይደለሁም። ሦስት ዓመት የሸሸሁት ነገር ከበሩ ወዲያ እየበሰለ ነው። እጄን ጭኔ ሥር ቀበርኩ።

«እኔ የተመረመርኩ ቀን» አሉ እትዬ ዝናቡን እያዩ፣ «ሽንት ቤት ገብቼ ተደበቅሁ። ሊጠሩኝ ሲመጡ ሌላ ሴት ናት አልኳቸው። አንቺ እዚህ ተቀምጠሻል። ተሻልሽ።»

በስሜ ተጠራሁ። አንድ መስመር ነበር። ዶክተሯ ብርሃን ወዳለበት ወስደው ሁለት ጊዜ አሳዩኝ፤ አንድ ብቻ። ወጥቼ ስመጣ ፊቴን ወዴት እንደማደርገው አላወቅሁም። ደስታዬን ይዤ በእሳቸው ፊት መቆም እንደ ስርቆት ሆነብኝ።

«ምን ትደባበቂያለሽ?» አሉ። «አንድ ነው አይደል? እልል በይ እንጂ! እኔን አፍረሽ ነው?»

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። እንደገና ደም መቀዳት አለብዎት።»

«አላልኩሽም? ደሜን ጠጥተሽ ልትጨርሺው ነው!» አሉና ሳቁ፤ ግን ሳቁ መሃል ላይ ቀረ። «እስከዚያ ድረስ ልቤ ምን ይሁን? ቀለሙ ተበላሸ እንጂ የእኔ ደህና ነው ያለኝ የለም። እውነት ወርዶም ቢሆንስ?»

ልክ ነበሩ። ማናችንም አላወቅንም።

አዲሱ ብልቃጥ እስኪመጣ አራት ቀን ፈጀ። ጋሼ ስሜን ከግድግዳው ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ ሰረዙት፤ ማሽኑንም እንዳልነካ ከለከሉኝ። ቅጣቴ ሌላ ነበር፤ አሥሩንም ሰዎች አንድ በአንድ ፈልጌ፣ በራሴ አፍ ምን እንዳደረግሁ ነግሬ፣ እንደገና ደም እንዲሰጡ መለመን። ፋብሪካው በር ላይ ፈረቃ ሲለወጥ ቆሜ ጠበቅኋቸው። በሰው ፊት ስለ ምን እንደመጣሁ መናገር ስለማይቻል፣ ወደ አጥሩ ጥግ እየወሰድኩ ነው በሹክሹክታ የነገርኳቸው። አንዱ ሰውዬ «መጀመሪያ እናንተ መቁጠር ተማሩ» ብሎ ትቶኝ ሄደ፤ በማግስቱ ግን መጣ። ሌላዋ ምንም ሳትናገር እጅጌዋን ሰበሰበች፤ እሱ ይበልጥ ከበደኝ። በየቀኑ ስነቃ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ዘጠና ሰባት የሚለው ቁጥር ነው። የሁሉም አዲስ ውጤት እየተመለሰ፣ አንድ በአንድ ወደ ቀድሞ ቦታው ሲወጣ እንኳ ፍርሃቴ አልቀነሰም፤ እንዲያውም ወደ አንድ ሰው እየጠበበ ሄደ። እትዬ ተደራራቢ ፈረቃ ገብተው ስለነበር የመጡት ከሁሉም በመጨረሻ ነው።

ደማቸውን ጋሼ ቀዱ። እኔ በሩ ላይ እጄን ኪሴ ከትቼ ቆምኩ። በጨለማው ውስጥ ቀለሙ እስኪይዝ ሁላችንም ጠበቅን። እትዬ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር፤ ይጸልዩ ይሁን ይቆጥሩ አላውቅም። ማሽኑ አጉረመረመ። ጋሼ ስክሪኑ ላይ ጎንበስ አሉ፤ ጀርባቸው ስለከለለኝ ምንም አይታየኝም። ወረቀቱ ሲወጣ ቀድደው አነበቡት፤ ከዚያ ለእኔም ለዶክተሯም ሳይሆን ለእትዬ ሰጧቸው።

«አንብቡልኝ» አሉ እትዬ። «እኔ አልደፍርም።»

«አምስት መቶ ሠላሳ አንድ» አሉ ጋሼ።

እትዬ ወረቀቱን ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩትና «በሉ፣ የቀን ፈረቃዬን ጻፉልኝ» ብለው ለዶክተሯ እጃቸውን ዘረጉ። ዕለቱ ዓርብ፣ ሐምሌ 3 ቀን 2001 ዓ.ም. ነበር።